«ፌዝ ጠፍቷል» ብዬ የታሰርኩ ዕለት

ዛሬ በልጄ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ምን እንደሆንኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

አንዱ ሠራተኛ ማሽኑ አልነሳለት ሲል ጮክ ብሎ «ፌዝ ጠፍቷል» አለ። እኔ ሽማግሌው ከወንበሬ ዘልዬ «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል» አልኩት።

ጎረምሳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እናንተም ሳቁ። ግን ኮመንት ከመጻፋችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ጉደር አንድ ወፍጮ ቤት ኤሌክትሪሺያን ሆኜ ተመደብኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሞተር ተቃጥሎበት «አሻጥረኛ» ተብሎ ተወስዷል። የት እንደገባ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ጠዋት የሚሊሺያ ስንቅ ሊፈጭ እህሉ ተራገፈ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ሞተሩ አልዞረም፤ እንደታመመ በሬ አቃሰተ። በድንጋጤ አጠፋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ሞተር የሚዞረው በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር ነው። እያንዳንዱን መስመር ፌዝ እንለዋለን። አንዱ ከጎደለ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ዝም ካሉት ይቃጠላል። ፊውዞቹን አየሁ፣ ደህና ናቸው። ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ቴስተር አደረግሁ። ሁለቱ ላይ በራ፤ ሦስተኛው ላይ ምንም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን እንደታጠቀ መጣ።

«ለምን ቆመ?»

«ጓድ፣ ችግሩ ፌዝ ነው፤ አንድ ፌዝ ጠፍቷል» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «በሠራዊቱ ስንቅ ታፌዛለህ?»

ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ እሱ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አሳየኝ። «ይኸው መብራቱ በርቷል። አስነሳው።»

አምፖል አንድ መስመር ይበቃዋል፣ ሞተር ግን አይበቃውም። ይህን በሆዴ አልኩት። ከአፌ የወጣው «እሺ ጓድ» ነው።

እጄን ማብሪያው ላይ አደረግሁ። ብጫነው ሞተሩ ይቃጠላል፣ እንደዚያኛው ሰውዬ አሻጥረኛ እሆናለሁ። ባልጫነው ደግሞ አሁኑኑ አለቀልኝ። እህል አስፈጪው ኦቦ ዳባ ከኋላዬ «ጨሊስ ልጄ፣ ዝም በል፣ ምንም አትናገር» ብለው አንሾካሾኩ።

አልተጫንኩም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ጣቴ ነው እምቢ ያለኝ።

ስንቅ ባመጣው መኪና፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አምቦ ተወሰድኩ። እስር ክፍሉ ውስጥ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ለማ! የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ እዚያው አምቦ የእንጨት መሰንጠቂያ ኤሌክትሪሺያን።

«አንተ ደግሞ ምን አደረግህ?» አለኝ።

«አንድ ፌዝ ጠፍቶ...»

«እኔም እንደዚያው።»

ጥፋቱ የእኛ ሳይሆን የዋናው መስመር መሆኑ ገባኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ ነገር ታየኝ። ሁለት ሰዎች ከሁለት ከተማ አንድ ዓይነት ቃል ይዘን መጥተናል። በዚያ ዘመን ይህ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? ሴራ!

መርማሪው በር ላይ ቆሞ «ይህን ቃል ማነው ያስተማራችሁ?» አለን።

«ቴክኒክ ትምህርት ቤት» አለ ለማ። ምነው ባላለ! መርማሪው የመምህሮቻችንን ስም መጠየቅ ጀመረ።

እኩለ ቀን ላይ ቶሎሳን አስገቡት። የከተማው የውኃ ፓምፕ ሠራተኛ ነው። ልብሱ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። እሱንም «አስነሳው» ብለውታል፤ እሱ ታዝዞ አስነሳ። ፓምፑ ጨሰ።

እኛ እምቢ ብለን ታሰርን። እሱ እሺ ብሎ ታሰረ።

እውነተኛ ፍርሃት የያዘኝ ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ የሆነ ትክክለኛ መልስ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የመብራት መስመር ሠራተኞች መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ ወድቆ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱን በጥሶታል። በበሩ በኩል ለመርማሪው ሲነግሩት ሰማሁ። «አንድ ሽቦ ተበጥሷል» አሉት። ወዲያው ገባው። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ!

ጠባቂው በሩን ከፈተና «ውጡ» አለን።

ማንም አልተነቃነቀም። «ውጡ» ተብለው ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን።

«ለማ፣ አንተ ቅደም፣ ቀድመህ የገባኸው አንተ ነህ» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም፣ እንግዳ ይቅደም። አንተ ከጉደር ነው የመጣኸው።»

ቶሎሳ «እኔማ ገና አሁን መግባቴ ነው» ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ጠባቂው ጠመንጃውን ተደግፎ ያየናል። ሦስት የተማርን ወንዶች፣ የተከፈተ በር ፊት ለፊት «አንተ ቅደም» እየተባባልን።

ያወጣችን የለማ ሚስት ናት። ምሳ ቋጥራ መጥታ ነበር። ብቅ ብላ አየችንና «ማል ታታን? ምን ሆናችሁ ነው የተገተራችሁት?» አለች። የባሏን እጅጌ ይዛ ጎተተችው። እኔ የለማን ጃኬት ያዝኩ፤ ቶሎሳ የእኔን ቀበቶ።

እንደተያያዝን በአምቦ ገበያ መሐል አለፍን። ሰው መንገድ ለቀቀልን። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዕውራን መስለናት «እግዜር ይማራችሁ» አለች።

ማናችንም አላረምናትም።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ቀድማችሁ ትወጡ ነበር?