ለአማቴ ቤዝ ፒካፕ ፍለጋ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ጠይቃችሁት «አላውቅም» ያላችሁ ሰው አለ? የለም። እንዲያውም የማያውቀው ይብሳል። እጁን ዘርግቶ፣ «ቀጥ በልና ወደ ግራ ታጠፍ፤ እዚያ ጠይቅ» ይላችኋል። እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ነዋ! ሌላ የሚሰጠው ቢያጣ አቅጣጫ ይሰጣል። ይህን ጠባያችንን እወደው ነበር። የአማቴን ቤዝ ጊታር ለማሳደስ ኮልፌን መዞር እስክጀምር ድረስ።

አማቴ ጋሽ መኩሪያ በወጣትነታቸው በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታሪስት ነበሩ። በባለቤቴ በሰናይት ቤተሰብ ይህ ታሪክ እንደ ጸሎት ነው፤ ሳይነገር ማዕድ አይቀርብም። ቀራንዮ ያለው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ፎቶው አለ። ጋሽ መኩሪያ በአፍሮ ጎፈሬያቸው፣ መሬት በሚጠርግ ሱሪያቸው፣ ያንን ቡናማ ጣሊያን ሠራሽ ቤዝ ታቅፈው ቆመዋል። ቤዙ ራሱ ደግሞ ቁም ሣጥኑ ላይ ተኝቷል። ታዲያ የመጨረሻ ልጃቸው ሕይወት ልታገባ ሆነና ምን አለች?

«አባዬ፣ የመልሴ ዕለት ቤዝ ካልተጫወትክልኝ ሰርጉ ሰርግ አይደለም!»

ልጅቷ የአባቷን ዝና እየሰማች አደገች እንጂ ቤዙን አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። ጋሽ መኩሪያን ሳል ያዛቸው። ተበላሽቷል፣ ድሮ ቀረ፣ ምናምን ብለው ሊያልፉት ነበር። እኔ አፌ መቼ ያርፋል? «እኔ አሳድሰዋለሁ!» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ሕይወት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰናይት በኩራት አየችኝ። አማቴ ያዩኝ አስተያየት ግን ምን እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

ቤዙን ተሸክሜ ኮልፌ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ፈታታውና «ፒካፑ ሞቷል» አለኝ። እኔ የማውቀው ፒካፕ ዕቃ ይጭናል። እሱ ግን በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው፣ ቀጭን ሽቦ ተጠቅልሎበታል፣ የክሩን ንዝረት ይዞ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። እሱ ከሌለ ቤዝ ጣውላ ነው። ሌላ ካመጣሁለት እንደሚገጥምልኝ ነገረኝ። ከየት ነው የማመጣው ብዬ ጠየቅኩት። እጁን ዘረጋ።

የሞተውን ፒካፕ ይዤ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። አንዱ አገላብጦ አየውና የድሮ ስልክ ዕቃ መሆኑን አረጋገጠልኝ። ሌላው የስፒከር ማግኔት አምጥቶ፣ ያው ዘመድ ስለሆኑ በጊዜ ብዛት እንደሚለማመዱ መከረኝ። ከዚያ የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሽቦ ወደሚጠቀልል ሰው ተላክሁ። ገና ሳየው፣ «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» አለኝ። የጊታር ነው አልኩት። «ጊታሩን ተወው፣ ፈረሱን ንገረኝ» አለኝ። ፒያሳ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ስገባ ደግሞ ሻጩ አዲስ ጊታር ግዛ አለኝ። እናንተዬ፣ ልቡ የታመመበት ሰው አዲስ ሰው ይገዛል እንዴ?

ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋቡኝ ግን የቤዙ ባለቤት አማቴ ናቸው። ስንት ፒካፕ ነበረው ብዬ ስጠይቃቸው ሁለት አሉኝ። በሌላ ቀን አንድ ረጅም ነበር አሉኝ። ድምፁስ ወፍራም ነበር ወይስ ጥርት ያለ? ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና «መካከለኛ» አሉኝ። ሰው የገዛ ቤዙን ድምፅ እንዴት ይረሳል? እርጅና ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

በዚህ መሀል ገመቹ የሚባል የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ደረሰልኝ። ገመቹ የሳንሱሲ ልጅ ነው፤ ፕሮቴስታንት ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ቤዝ ይጫወታል። አንገቱ የተሰበረ አሮጌ ቤዝ ዕቃ ቤት እንዳላቸው፣ ፒካፑ ግን ደኅና እንደሆነ ነገረኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

«ግን» አለ፣ «የት ነው የሚጫወቱት?»

«መልስ ላይ።»

«ዘፈን?»

ሻዬን ማማሰል ያዝኩ። ያ ፒካፕ ከተፈጠረ ጀምሮ ከመዝሙር በቀር ሌላ አላለፈበትም። እስኪ አስቡት፤ ኃጢአቱ የሚያርፈው የት ነው? ማግኔቱ ላይ? ክሩ ላይ? ጣቱ ላይ? ቤዝ ቃል የለውም፣ ዱም ዱም ነው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። የመዝሙሩም እኮ ዱም ዱም ነው ብሎ መለሰልኝ። ሁለታችንም ግራ ተጋብተን ሻያችን ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቻቸውን ጠይቆ መጣ። ዕቃ ነፍስ የለውም፣ ስጠው፣ ተጫዋቹ ግን ያስብበት ተብሏል።

የምሥራቹን ለአማቴ ይዤ በረርኩ። ጋሽ መኩሪያ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ለፈጣሪ ሲዘመርበት በኖረ ዕቃ እኔ ልዘፍንበት? እንዲህ ያለ ድፍረት አልደፍርም ልጄ!»

እኚህ ሰው እኮ የጎረቤት ጸሎት ቤት ማይክ እንቅልፍ ነሣኝ ብለው ዓመቱን ሙሉ የሚያማርሩ ናቸው! ከመቼ ወዲህ እንዲህ አከበሩት? ትሕትና መስሎኝ ፒካፑን አስገጠምኩት። ጠጋኙ ሰክቶ አንዱን ክር ቢነካው የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከደስታዬ የተነሣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቤዙንና ትንሽ የተዋስኩትን አምፕሊፋየር ይዤ ቀራንዮ ስደርስ ጋሽ መኩሪያ ብቻቸውን ነበሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «በሩን ዝጋው» አሉኝ።

ፒካፑ የተቃጠለው ለካ ባንዱን እንደተቀላቀሉ ነው። ያን ጊዜ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? የባንዱ አለቃ፣ አንተ ቁመናህ ያምራል፣ ዝም ብለህ ቁም፣ ቤዙን ኦርጋን ተጫዋቹ በግራ እጁ ይሸፍነዋል አላቸው። ለጊዜው ነው የተባለው። ባንዱ እስኪበተን ቆሙ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታማ ጭራሽ ዝና አፈራ።

«ማንም አልነቃም?» አልኳቸው።

«ቤዝ ማን ይሰማል ብለህ ነው?»

«ታዲያ መጫወት ይችላሉ?»

ጎንበስ ብለው ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት። «እውነቱን ልንገርህ? እኔም ራሴን ሰምቼው አላውቅም።»

አንጀቴን በሉት። ልሣቅ ወይስ ላልቅስ? እስቲ እንሞክረው ብዬ ሰካሁላቸው። ጀመሩ። ግቢ ተኝቶ የነበረው ውሻ ተነሥቶ ወጣ። ቀስ ብዬ ነቀልኩት።

«ልጄ ፊት አታዋርደኝ» አሉኝ። እንደማላዋርዳቸው በእናቴ ስም ማልኩላቸው።

የመልሱ ዕለት ድንኳኑ ሞልቷል። ጋሽ መኩሪያ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለሰርጉ ከተጠራው ኦርጋን ተጫዋች ጎን ቆሙ። ከቤዙ የወጣው ሽቦ የጠረጴዛ ልብሱ ሥር ገብቶ እዚያው ቀረ፤ የተሰካበት የለም። ጨዋታው ተጀመረ። ጣቶቻቸው ሲሄዱ፣ ትከሻቸው ሲሰበቅ፣ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ብታዩ! ሕይወት ሜካፗ እስኪወርድ አለቀሰች። «አባቴ ነው! አባቴ ነው!» እያለች ለሙሽራው ታሳያለች። ከተጋባዦቹ መሀል ገመቹ ብቻ ያው የሙያው ሰው ነውና ሽቦውን በዓይኑ ተከትሎ ጠረጴዛው ሥር ደረሰ። ወደ እኔ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «ጌታ ይመስገን» አለ።

እኔም ልቤ ረጋ ብሎ ክትፎዬን ልጀምር ስል የሰናይት አክስት እትዬ አልማዝ በእጃቸው ጠሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ የመኩሪያ ቤዝ ደረቴን መታኝ። እባክህ ቀነስ አድርግልኝ።»

ምን ይባላል? ባዶ እጃቸውን ልሸኛቸው? ተነሥቼ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ከምንም ያልተገናኘውን የቤዙን ድምፅ መቀነሻ ቁልፍ በጥንቃቄ አዞርኩና ተመለስኩ።

«ተባረክ! አሁን ለጆሮ ተስማማ» አሉኝ።

ተቀምጬ አዳመጥኩ። ግራ የሚያጋባው፣ ለእኔም የቀነሰ መሰለኝ።