በሻሽ ጫፍ የታሰረው ካፕሱል

እኛ ከሚሴዎች የታመመ ሰው ስንጠይቅ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ወተት ያለው ወተት፣ ሙዝ ያለው ሙዝ ይይዛል። ምንም ያጣ ደግሞ ባለፈው ታሞ የተረፈውን መድኃኒት ያመጣል። «እኔን አሽሮኛል» ይላችኋል፤ ትውጣላችሁ። እምቢ ያለ ጥጋበኛ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከታይፎይድ ጥጋብ ይከፋል።

እኔም ኒካዬ ሊታሰር አንድ ወር ሲቀረው አተኮሰኝ። ጠያቂ ጎረፈ፤ የሰጡኝን ሁሉ ዋጥኩ። ትኩሳቱ ሄድ መጣ እያለ ሰነበተና አፌ ቆሰለ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ክሊኒክ ሄጄ ደሜ ሲታይ «ነጭ የደም ሴልሽ አንሷል» ተባልኩ። ይህን የነገርኩት ለእህቴ ብቻ ነው። በነጋታው ጨፋ ሮቢት ድረስ ተሰማ።

ያን ዘመን ታውቁታላችሁ፤ ደም ከተባለ ሰው የሚያስበው አንድ በሽታ ብቻ ነበር። የእጮኛዬ እናት እመት ዘሀራ ወሬውን ቤት ለቤት ካዳረሱ በኋላ ሽማግሌ ልከው ሰርጉ «ለጊዜው ይቆይ» አሉ። ልጃቸው ሰይድ «አልለቃትም» ቢልም የዚያ ቤት ቃል የእናቱ ነው። አባቴ አቀረቀረ። እኔ ግን፣ ወላሂ፣ ከሕመሙ ንዴቱ ባሰብኝ። ያ በሽታስ ቢሆን ሰው አይደለሁም እንዴ?

ክሊኒኩ ተመልሼ ያም ይታይልኝ፣ ሌላውም ይታይልኝ አልኩ። ያ በሽታ የለብኝም። ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነው፤ ወባም፣ ታይፎይድም፣ ሌላ ቫይረስም፣ የምግብ እጥረትም ነጩን ሴል ሊያሳንሱት እንደሚችሉ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ቀጥሎ ምን ስውጥ እንደሰነበትኩ ጠየቀኝ። የሻሼን ጫፍ ፈትቼ ከሰጡኝ የተረፈውን መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። አንዱን ካፕሱል አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄ የአጥንት መቅኒን ያደክማል፤ ነጩ ሴል የሚሠራው እዚያ ነው። ማን አዘዘልሽ?»

«ያዘዙልኝማ እመት ዘሀራ ናቸው።»

ከጠያቂ ሁሉ ቀድመው የመጡት እሳቸው ነበሩ፤ ከታይፎይዳቸው የተረፈውን ከሻሻቸው ጫፍ ፈትተው የሰጡኝም እሳቸው።

በጠራራ ፀሐይ ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት የክሊኒኩን ወረቀት ዘርግቼ የሆነውን ተናገርኩ። እመት ዘሀራ ደጉን አስበው እንደሰጡኝ ነገሩኝ፤ አመንኳቸው። ለእኔ ብቻ የተነገረ ይቅርታ ግን አልተቀበልኩም። «ወሬውን የነዙበት ቤት ሁሉ እየዞሩ በራስዎ አፍ ያስተባብሉ፤ አለዚያ ሰርጉ እንደቆየ ይቅር» አልኩ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው።

ዞሩ። እኔም መድኃኒቱን ካቆምኩ በኋላ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደሜ ተመለሰ፤ ሰርጉም በቀኑ ተደረገ።

ሊያስተባብሉ የዞሩ ቀን ግን እመት ዘሀራ ከሮቢት ሲመለሱ ፀሐዩ ራሳቸውን ፈልጦት፣ በራችን ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን ያዙ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ለራስ ምታት የሚሆን የተረፈሽ ክኒን የለም?»

ውኃ ሰጠኋቸው።