ተራዬ፣ እትዬ ጸዳለ ቤት

አይ ሳሚ፣ አልተገላገልኩም። ከድግሱ ጣጣ "ተገላገልክ" ነው ያልከኝ አይደል? ጭራሽ የምትስቅ ፊት አስከትለህ። የተገላገለ ሰው እንዲህ አይንጨረጨርም። አንተ ያለኸው ደብረ ብርሃን፣ እናትህ ቤት፣ ሳያንኳኳ ሰተት ብሎ የሚገባ ጎረቤት እያማረረህ ነው። እኔ ያለሁት ቦንጋ ነው። ጮክ ብዬ የምቀዳልህ ዝናቡና ቆርቆሮው ድምፄን እንዳይውጡት ነው። እሺ፣ ተናድጄም ነው።

ደግሞ ያ ጠዋት ጠዋት ቪዲዮውን የምትልክልኝ ሰውዬ፣ "ብቻህን መቆም ልመድ፣ ብቸኝነት የማደጊያ ጊዜ ነው" የሚለው፣ ይቅርብኝ። ብቻዬን ከቆምኩ እኮ ስንተኛ ክረምቴ ነው፤ እንደሱ አባባል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጭንቅላቴ ጣራውን ነክቶ ነበር። ቢሮም ቢሆን በስልጠና ብዛት አቅማችን ተገንብቶ ተገንብቶ አልቋል። አንድ ለአምስት ተደራጅቻለሁ፤ ከአምስቱ አንዳቸውም ቤቴን አያውቁትም። በሬን የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነበር፣ እሱም ቆጣሪው ውጪ አጥር ላይ ከተሰቀለ ወዲህ ቀርቷል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

የሚካኤል ማኅበር ገብቻለሁ። በየወሩ በአንዱ አባል ቤት ተሰብስበን እንጸልያለን፣ እንበላለን፣ እንጫወታለን፤ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጠዋል። ተረኛው ተሸክሞት ይሄዳል፣ ወሩን ሙሉም እሱ ቤት ይቀመጣል። እኔ ከገባሁ ወዲህ የሁሉንም ቤት በልቻለሁ። የማን ሶፋ ላይ የማን ልጅ ምን እንደደፋ ሁሉ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ታዲያ ጽዋው እኔ ጋ ደረሰ።

በነጠላ ጠቅልዬ፣ እቅፌ ውስጥ አድርጌ በባጃጅ ስወስደው፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሾፌሩን ልደበድበው ምንም አልቀረኝም። ቤት አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ እንጃ ምን እንደሆንኩ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ መሰለኝ። ካልሲ መሬት ላይ መጣል ተውኩ። ከቢሮ ስገባ ድምፄን አውጥቼ "እንደምን ዋላችሁ" ማለት ጀመርኩ። ለማን እንዳትለኝ።

ወሩን ሙሉ ስዘጋጅ ከረምኩ። ግድግዳውን ቀለም ቀባሁት፤ ቀለሙ ጣሳው ላይ ያለውን አልመስል አለ እንጂ ቀባሁት። አልጋዬን የሚከልል መጋረጃ አሰፋሁ። ሺሺንዳ ድረስ ሄጄ በገበያ ቀን ለብርዝ የሚሆን ማር ገዛሁ። ከእድር አግዳሚ ወንበር ተዋስኩ። ታች ያለው ባለሱቅ ከድር ብርጭቆ በካርቶን ሙሉ አውሶኝ፣ ሰርግ አለብህ እንዴ አለኝ። ከሰርግ አያንስም አልኩት። አየህ፣ እኔ መቸገር ነው የፈለግኩት። ይሄን የቦንጋ ጭቃ በጫማቸው ይዘው ገብተው፣ ወለሌን አበላሽተው፣ አንዱ ብርጭቆ ሰብሮ፣ አንዷ መጋረጃው አያምርም ብላ አምታኝ እንዲሄዱ።

ቀኑ ሲቃረብ ጋሽ ደምሴ ቢሮ መጡ። የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፣ መሪው ማለቴ ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሰው የማይቆጡ። ያቃጠለኝም ይሄው ነው፤ ቢቆጡኝ እቆጣ ነበር። ቤቴ ድረስ መጥተው እንዳያስቸግሩኝ ብለው ነው ቢሮ የመጡት፣ ይሄንንም ራሳቸው ነገሩኝ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ እያራገፉ፣ ተመካክረናል አሉ። ወንደላጤ ነህ፣ ማን ይሠራልሃል፣ ማን ያስተናግድልሃል፤ የጸዳለ ቤት ሰፊ ነው፣ ሴቶች ልጆችም አሏት፣ በአንተ ስም እዚያው ይደረግልሃል።

"ጋሽ ደምሴ፣ እኔ እኮ ተዘጋጅቻለሁ" አልኳቸው።

"እናውቃለን ልጄ። አንተ ግን እንግዳችን ነህ፣ አናስቸግርህም።"

እንግዳ። ሳሚ፣ እኔ እዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ የተወለዱ ልጆች አጸደ ሕፃናት ገብተዋል። እነሱ ያገር ሰው ናቸው፣ እኔ እንግዳ ነኝ።

አንተ ታውቀኛለህ፣ በረባ ባልረባው የምደነፋ ሰው ነኝ። ለደግ ሰው ግን ምን ተብሎ ይደነፋል? እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘኋቸው።

እሑድ ጽዋውንና ማሩን ይዤ እትዬ ጸዳለ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ጢም ብሏል። እኔን ጥሩ ቦታ አስቀመጡኝ፣ ለእንግዳ የሚሰጠውን። በራሴ ተራ እየተጋበዝኩ ነው እንግዲህ። በኔ ማር የተበጠበጠውን ብርዝ ያልወደደው የለም፤ እትዬ ጸዳለም እጅሽ ይባረክ ተባሉ። አባ ለምርቃት ተነሡና ቤቱን መረቁ፣ ደጁን፣ ልጆቹን፣ ጓዳውን ሳይቀር መረቁ። ሁሉም አሜን አለ። እኔም አልኩ፤ ምን ላድርግ? ይሄኔ ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው፣ የዛሬው እኮ በዚህ ልጅ ስም ነው አባ፣ አሏቸው። አባ ዞር ብለው አዩኝና መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

"እሱንም ቤት ይስጠው።"

አሜን ተባለ፣ ያውም ከሁሉም ደምቆ። ቀለም የቀባሁት ቤቴ ባዶውን ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው፣ እነሱ ቤት ይለምኑልኛል። እትዬ ጸዳለ ላይ ቂም የለኝም፤ ስወጣ ለእራት እንዲሆነኝ ብለው ምግብ ቋጥረው ሰጡኝ። እንደ ተመላላሽ ተማሪ።

ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ተሰጠ። ቤት ስገባ አግዳሚዎቹ ፊት ለፊት ተፋጠው ተቀምጠዋል፣ መሐላቸው ሰው የለም። "እንደምን ዋላችሁ" ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ማንም ያልጠጣበትን ብርጭቆ አንድ በአንድ አጠብኩ። ለከድር ስመልስለት፣ እንዴት ነበር አለኝ። ደማቅ ነበር አልኩት።

አሁን ደግሞ አንተ ለጋሽ ደምሴ ንገራቸው እንጂ ለኔ ምን ታወራለህ ልትለኝ ነው። ፊታቸውን ሳይ እግዜር ይስጥልኝ ነው ከአፌ የሚወጣው፣ ነገርኩህ እኮ። ስለዚህ አንተ ጆሮህን አውሰኝ፣ እሳቸው እንደሆንክ ቁጠረው።

ጋሽ ደምሴ፣ ደግ ሰው ነዎት፣ አልካድኩም። ግን የሰዉን ቤት ሁሉ በተራ ሲያዳርሱ ከርመው የኔ በር ላይ ሲደርሱ የታጠፉት፣ ሚካኤል ወንደላጤ ቤት አይገባም ብሎ ማን ነግሮዎት ነው?