ይታወቃል የሚሉ ሰዎች

የቢሯችን ኃላፊ ታምራት የበደለኝ ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ነው። አሪቻ ባለው የቡና ማጠቢያችን ለገበሬዎች የስልክ መልእክት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ረዳት አመጣልኝ። ረዳቱ ሁለት መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ ረቂቅ ይጽፋል፣ ሌላው ለገበሬው ሁሉ ይልካል። ታምራት ለሁለቱም የጻፈው መግለጫ ግን አንድ ነው፦ «የመልእክት ሥራ ይሠራል።»

«የቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?» አልኩት።

«እትዬ አስቴር፣ ይሄ እኮ ይታወቃል።»

እንዲህ ዓይነት ሰው አላጋጠማችሁም? መንገድ ስትጠይቁት «እዚያው ጋ ነው» የሚል? ሰው እንኳ ግራ ሲገባው ሌላ ይጠይቃል፤ ማሽን ግን የተጻፈለትን ይዞ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት የመፈልፈያው ሞተር ቆመ። ምናልባት ካልተጠገነ ብዬ «ዛሬ እሸት ቡና አንቀበልም» የሚል ረቂቅ አዘዝኩ። ረዳቱ ላከው። ሞተሩ ከሰዓት ተነሣ፤ መልእክቱ መላኩን ያወቅሁት ግን አንድም ገበሬ ሳይመጣ ሲመሽ ነው። ገበሬዎቹ የለቀሙት እሸት ቤታቸው አድሮ ቦክቶ ተበላሸ።

በማግስቱ ገበሬዎቹ ፊት ታምራት «እትዬ የተሳሳቱት በዕድሜያቸው ነው፣ አይፈረድባቸውም» አለ። የሣቀም ነበር።

ሁለቱን መግለጫዎች ራሴ ጻፍኳቸው፦ «ይህ ይጽፋል እንጂ አይልክም።» «ይህ ለገበሬው ሁሉ ይልካል፤ ከላከ አይመለስም፤ አስቀድሞ እኔን ይጠይቅ።» ታምራትን ሰላም ማለት ተውኩ።