ከናይሮቢ ጎባ በርካሽ ስለ መደወል

ሰው ከአገሩ ሲወጣ የሚርበው ወሬ ነው። እህል የትም አለ፣ አልጋም የትም አለ፤ የቤት ወሬ ግን ከቤት ነው የሚመጣው፣ ይከፈልበታልም። የወንድሜ ልጅ ሜሮንዬ፣ እንደምናገረው ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው።

ልጄ ሰናይት ናይሮቢ ወለደችና ላርሳት ሄድኩ። አውሮፕላኑ ተነስቶ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ ሳለ ምን ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነው? ባዝራዬ! ባለቤቴ ታደሰ እሷን ሸጦ የባጃጅ ድርሻ ሊገዛ ካሰበ ቆይቷል። እኔ እያለሁ አይደፍርም። ባዝራዋ ያባቴ ስጦታ ናት፤ ከጎባ በላይ ጭቃና ጉም ሲሆን ወንድሜ ቤት የምታደርሰኝ እሷ ብቻ ናት። ባጃጅ እዚያ ቢወጣ ማን ተሸክሞ ያወርደዋል? የሮቤ ገበያ ደግሞ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

የራሴ ስልክ ገና ሄሎ ሳልልበት ሒሳቡን ጨረሰ። ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ የሚበላ ስልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰናይት «እማዬ፣ በኢንተርኔት እኮ ነጻ ነው» አለችኝ። ነጻማ ነው! የታደሰ ስልክ ግን ባለ ቁልፍ ነው፤ ከባትሪው መብራት በቀር ሌላ ጥበብ የለውም። ኢንተርኔት ያላት ጎረቤታችን የሺ ናት፣ ከሷ ጋር ደግሞ በአጥር ተኳርፈናል። ለስልክ ብዬ ልታረቃት? ሞቼ ነው!

በመጨረሻ ሰናይት ወደ ውጭ የሚያስደውል ካርድ ገዛችልኝ። ደወልኩ። ታደሰ «አከም ጅርታ? ነጋ? ፈያ? አራሷስ? ሕፃኑስ?» አለ። እኔስ ዝም እላለሁ? ላሞቹን ጠየቅኩ፣ ገብሱን ጠየቅኩ፣ ዝናቡን ጠየቅኩ፣ የአማቴን ጉልበት ጠየቅኩ። እኛ ባሌ አገር ሰላምታ አሳጥሮ ጉዳይ መጀመር ከነጫማ አልጋ ላይ እንደ መውጣት ነው። «እሺ፣ ምን ልትዪኝ ነበር?» ሲል ካርዱ አለቀ።

በነጋታው ከሌላ ካርድ ላይ የአንድ ደቂቃ ትርፍ ተገኘች። ልቤን አጠነከርኩና፣ ገና ሲያነሳው «ባዝራዋን እንዳትሸጣት! አደራ!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እንዴት ያለሁ ቆጣቢ ነኝ!

ግን እኛ አገር ሰላምታ የሚዘለለው መቼ ነው? መርዶ ሲኖር ነው፤ መርዶም በስልክ አይነገርም። መስመሩ ይንኮሻኮሽ ስለነበር ታደሰ ምን ብሎ ተነተነ መሰላችሁ? «እሷ ብትሆን ላሞቹን ሳትጠይቅ አትዘጋም። ይሄ የሰናይት ድምፅ ነው፤ የናቷን ኑዛዜ ነው የነገረችኝ።» አለቀ! እድሩ ድንኳን ተከለ።

የሺም እንደ ደንቡ ለቅሶ መጣች፤ ኩርፊያ እስከ ድንኳን ደጃፍ ነው። ሰናይትን ልታጽናና በኢንተርኔት በምስል ደወለች። እኔ ነኝ ያነሳሁት። የሺ ጮኸች፣ ስልኩ ሳር ላይ ወደቀ፣ ሲያነሱት ድንኳኑን አየሁት። ባዝራዬ እንደ ሟች ፈረስ ተሸልማ በለቀስተኛው መሀል ትጎተታለች፤ እንደ ዛሬ አምራም አታውቅ። «ኧረ አለሁ!» ብል አንዱ ሽማግሌ «አይዟችሁ፣ በሕይወቷ ሳለች የተቀዳ ነው» አላቸው። ሌላው «ኔትወርክ እኮ ዘግይቶ ነው የሚያደርሰው» አለ። ለመኖሬ ምስክር ጠፋ!

በመጨረሻ ታደሰን ሳየው፣ «አንተ፣ ያንን ጫማ አውልቅ! ለሰናይት ሠርግ የተገዛ ጫማ ጭቃ ላይ ይለበሳል?» አልኩት።

«እሷ ናት» አለና ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አለቀስኩ።

ባዝራዋ ያን ገበያ አልተሸጠችም። ሠላሳ ዓመት በሕይወቴ ያልታዘዘኝ ሰውዬ ሞቼ ባንድ ቃል ታዘዘኝ!

ከወር በኋላ ቤቴ ስገባ ግን የፈረስ ነጋዴው ኦቦ ገመዳ ባዝራዬን ሊገዛ ሳሎን ተቀምጦ ጠበቀኝ። ታደሰ ዓይኑን ሳይሰብር «ኑዛዜ የሚጸናው ለሟች ነው፤ አንቺ ይኸው መጣሽ፣ ስለዚህ ተሽሯል» አለኝ። ዳኛ መሆን ነበረበት።

አልተከራከርኩም። ድካም አለብኝ ብዬ በጓሮ ወጣሁና ገብሱ መሀል ገብቼ፣ በሰናይት የኬንያ ካርድ ሳይሆን በአገራችን ቁጥር፣ ግን እሱ በማያውቀው አዲስ ሲም ደወልኩለት። ሰላምታ የለ፣ ላም የለ፣ ዝናብ የለ። «አትሽጣት!» ብዬ ዘጋሁ።

ስመለስ የሙት ድምፅ እንደሰማ ሰው ፊቱ አመድ መስሏል። ኦቦ ገመዳን ይቅርታ ጠይቆ ሸኘው። እኔንም ከላይ እስከ ታች እያየ «ደህና ነሽ አይደል?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ ምነው?» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ጉዳይ ሲኖረኝ ከጓሮ ነው የምደውለው። ናይሮቢ ድረስ መሄድ ምን አደከመኝ፤ ሒሳቡም የአገር ውስጥ ነው።