መናኸሪያ መሀል በሆዴ የተኛሁ ዕለት

«አያቴ፣ ያቺን የመናኸሪያዋን ንገሪያቸው» እያሉ የልጅ ልጆቼ ስለነዘነዙኝ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም!

እኔ እንግዲህ እግሬ አያርፍም። አንዷ ልጄ ሀደሮ፣ አንዷ ዳምቦያ፣ ወንዱ ሆሳዕና። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነኝ።

ከዚያ ያ የነርቭ ሕመም ያዘኝ።

ከወገቤ ተነስቶ፣ በዳሌዬ ዞሮ፣ እስከ እግር ጣቴ እንደ ኤሌክትሪክ! ጎረቤት ሁሉ «ኦፕራሲዮን ነው፣ ሌላ መላ የለውም» አለኝ። ቤት ተቀምጬ ልቀር ነው ብዬ አለቀስኩ።

ሆስፒታል ግን ፊዚዮቴራፒ የምትሠራ ልጅ አገኘሁ። እጆቿ ይባረኩ! እያገላበጠች መረመረችኝና «እማማ፣ የእርስዎስ ያለ ቢላዋ ይድናል» አለች። በሆድ ተኝቶ፣ በክንድ ገፍቶ ደረትን ቀና ማድረግ አስተማረችኝ። ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ከሸሸ ጥሩ ምልክት ነው አለች። «ሲነሳብዎት የትም ይሁኑ፣ ማፈር የለም!»

(ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም ብላለች፤ እናንተ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ታዩ!)

የትም አለች አይደል?

የሀደሮዋ ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ደርሳ፣ ሆሳዕና መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ተነሳብኝ። የመኪናውን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ካመለጠኝ ልጄ ያለ እናት ልትወልድ ነው።

ነጠላዬን አነጠፍኩ። በሆዴ ተኛሁ። «እፍፍ» እያልኩ ደረቴን ቀና!

እናንተዬ፣ መናኸሪያው ላዬ ላይ ተሰበሰበ!

«ወደቀች!»

«ኧረ መንፈስ ነው!»

አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ ዕቃዋን ጥላ መጥታ ጭንቅላቴ ላይ እጇን ጫነች፦ «በኢየሱስ ስም፣ ልቀቃት!»

«ኧረ ስፖርት ነው!» አልኩ።

«ተናገረ! ተናገረ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ተሸካሚ።

ምን ላድርግ? ሰው እየጸለየ ይቋረጣል? ዓይኔን ጨፍኜ «አሜን» እያልኩ ስፖርቴን ቀጠልኩ። እኔ ቀና ባልኩ ቁጥር እነሱ ድምፃቸውን ይጨምራሉ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ቀሚሴ አቧራ ጠጥቶ፣ ሞባይል ሁሉ ተደቅኖብኝ!

ግን እውነቱን ልናገር፤ በፀሐይ በኩል ቆመው ጥላ የሆኑኝም እነሱ ናቸው። ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ ሕዝብ የት ይገኛል?

ሕመሙ ባቴን ለቀቀ፣ ጭኔን ለቀቀ፣ ወገቤ ላይ ቀረ። ልክ ልጅቷ እንዳለችው! ተነሳሁ።

እልልታው!

ሴትዮዋ አቅፋኝ አለቀሰች። «ፊዚዮቴራፒ ነው እኮ» ልላት አፌን ከፈትኩና ፊቷን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

ሀደሮ ደረስኩ፤ ልጄ እጄን ይዛ ወለደች። ኦፕራሲዮን የተባለውም በዚያው ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ዳምቦያ ሄጄ፣ ልጄ የሰፈሩ ሴቶች ጸሎት ላይ ወሰደችኝ። ብገባ፣ ሁሉም ምንጣፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ደረታቸውን ቀና እያደረጉ ይጸልያሉ! መሪያቸውን በድምፅዋ አወቅኋት፤ ያቺው የመናኸሪያዋ! እሷ ግን አላወቀችኝም።

«እህቴ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጸሎት ነው?» አልኳት።

«እማማ፣ ድሮ እኔ እግሬን ያመኝ ነበር፤ ለሰው አልናገርም እንጂ። አንዲት አሮጊት መናኸሪያ ላይ እንዲህ ተኝታ ስትፈወስ አይቼ ቤቴ ሞከርኩት፤ እኔንም ተወኝ» አለችኝ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ እየለቀቀችልኝ።