ጭራውን የሚቆላው ቤት

[ነብራስካ፤ ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። ሃርላን ስንዴ ሲያመርት ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የማያውቀው ነገር እንዳለ ገና ያልተነገረው ሰው ነው። ከርቢ የልጁ የጆሊን ባል ነው፤ ቀስ ብሎ ያስባል፣ ቀስ ብሎ ያኝካል። ቤተሰቡ በየበጋው ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ሴቶቹ፣ ማለትም ጆሊንና እጇ የተሰበረው እናቷ ሎርና፣ በትንሿ መኪና ቀድመዋል። ሁለቱ ወንዶች በሃርላን ፒካፕ፣ ሐይቁ ዳር የሚያድሩበትን ተጎታች ቤት እየጎተቱ ይከተላሉ። አሁን የመኪና ዕቃ መደብር በር ላይ ቆመዋል። ሃርላን እጆቹን ኪሱ ከቷል።]

ሃርላን፦ ነፋስ ነው አልኩህ እኮ!

ከርቢ፦ እኔ ምን አልኩ አባባ?

ሃርላን፦ ምንም አላልክም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ዝምታህ ውስጥ አስተያየት አለ።

ከርቢ፦ የለም፣ ልቤ ገና ወደ ቦታው ስላልተመለሰ ነው። ያ ከብት የጫነ መኪና ሲያልፈን ቤታችን ሄዶ ሊሳለመው ነበር እኮ። ከአንዷ ላም ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን።

ሃርላን፦ እና?

ከርቢ፦ አዘነችልኝ። ወደ ቄራ እየሄደች ለእኔ አዘነች።

ሃርላን፦ ተጎታች ሲባል ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው!

ከርቢ፦ መጀመሪያ ነፋስ ነው አሉ፣ ቀጥሎ ጎማ ነው አሉ፣ ከዚያ ደግሞ እኔ ማስቲካ ሳኝክ…

ሃርላን፦ በአንድ በኩል ብቻ ነበራ የምታኝከው!

ከርቢ፦ ካስጠነቀቁኝ ጀምሮ እያፈራረቅኩ ነው አባባ። አልተሻለውም።

ሃርላን፦ ስማኝ። ሎርና ጠዋት፣ አልፋን ከመሄዷ በፊት፣ ከኋላችን ሆና አይታዋለች። «ይሄ ቤት ጭራውን እየቆላ ሐይቁ ከደረሰ እኔ አልተኛበትም፣ ከጆሊን ጋር ቤቴ እመለሳለሁ» ብላለች። ከተጋባን ጀምሮ ያንን ሐይቅ ያለ እሷ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ የምንገዛው ብረት አይደለም፤ ትዳር ነው።

ከርቢ፦ እዚህ መደብር ውስጥ አለ?

ሃርላን፦ ምኑ?

ከርቢ፦ ትዳሩ።

ሃርላን፦ [ሰማይ ሰማይ እያየ] ጆሊን ምን አግኝታብህ ይሆን… ና ግባ!

[ገቡ። ግድግዳው ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ የመጎተቻ ማያያዣ ተሰቅሏል። ሃርላን ብረት ሲያይ ድምፁ ይጎረንናል፤ ጎረነነ።]

ሃርላን፦ ይኸውልህ። ይሄ ተራው ነው። ኳስ ብቻ። እኛ ያለን ይሄ ነው።

ከርቢ፦ ኳስ አምጥተናል እንዴ? ሐይቁ ዳር እንጫወታለና።

ሃርላን፦ የብረት ኳስ! ተጎታቹ ምላሱን የሚያሳርፍበት!

ከርቢ፦ ምላስ አለው?

ሃርላን፦ ከፊቱ ወጣ ያለው ብረት ምላስ ነው የሚባለው። አሁን ይሄኛውን እይ። በጎን አንድ ዘንግ አለው፤ ቤቱ ሊወዛወዝ ሲል እየፈተገ ይይዘዋል። ያኛው ደግሞ፣ ትልቁ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ወፋፍራም ዘንጎች አሉት። ክብደቱን ለፒካፑ የፊት ጎማ ጭምር ያካፍላል፣ ውዝዋዜውንም አንቆ ይይዛል።

ከርቢ፦ ለእኛ የሚሆነው የትኛው ነው?

ሃርላን፦ ትልቁ።

ከርቢ፦ ለምን?

ሃርላን፦ ትልቅ ስለሆነ!

ከርቢ፦ [ብዙ ካሰበ በኋላ] አባባ፣ ግን ቤቱ ያው ነው፣ መኪናው ያው ነው፣ ማያያዣውም ያው ነው። አምና አልተወዛወዘም። ዘንድሮ ምን አስቆጣው?

ሃርላን፦ አርጅቷላ!

ከርቢ፦ ሲያረጅ የሚወዛወዝ ከሆነ እርስዎስ…

ሃርላን፦ ጨርሰው እስቲ።

ከርቢ፦ እርስዎስ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ልል ነው።

ሃርላን፦ ማያያዣ ምረጥ ያለህ የለም። ተሸከም ነው የተባልከው። ያዝ!

[ገዙ። እዚያው ግቢ ውስጥ ሃርላን እየተሳደበ፣ ከርቢ ብሎን እያቀበለ፣ ትልቁን ማያያዣ አሰሩ። ሃርላን ከመሪው ጀርባ ሲቀመጥ የጄኔራል ፊት አወጣ።]

ሃርላን፦ አየህ? ቀጥ! እንደ ባቡር!

ከርቢ፦ አባባ፣ ገና ከግቢው አልወጣንም።

ሃርላን፦ ነገር የሚታወቀው ከአነሳሱ ነው። ይኸው ወጣን። ይኸው አውራ ጎዳናው። አሁንስ?

ከርቢ፦ [በጎን መስታወት እያየ] አሁን ደህና ነው።

ሃርላን፦ አላልኩም? እስቲ ትንሽ ልጨምርለት። አሁንስ?

ከርቢ፦ አሁን ሰላምታ እየሰጠ ነው።

ሃርላን፦ ለማን?

ከርቢ፦ በግራም በቀኝም ላለው ሁሉ። ከቅድሙ ግን ለዘብ ያለ ነው። ጨዋ ሆኗል።

ሃርላን፦ የጨበጥከውን የበር መያዣ ልቀቅና እይልኝ!

ከርቢ፦ መያዣውን ከለቀቅኩ የማየው ነገር አይኖርም! አባባ፣ ፍሬን እንዳይረግጡ!

ሃርላን፦ ይሄንን እንኳ አውቃለሁ! እግሬን ከነዳጁ ላይ ነው የማነሳው… ቀስ… ቀስ በል አንተ ከይሲ…

ከርቢ፦ እኔን ነው?

ሃርላን፦ ቤቱን!

[ፒካፑ እየቀዘቀዘ፣ ቤቱ እያቅማማ፣ መንገድ ዳር ያለ ማረፊያ ቦታ ገብተው ቆሙ። ሃርላን ለጥቂት ጊዜ መሪውን አልለቀቀም። ሎርና ጎኑ የሌለችበት ሐይቅ ታየው። ባዶ ወንበር፣ ብቻውን የሚበላ ዓሣ። ከዚያ ወረደ፤ ሲወርድ ቁጣውን ይዞ ነው የወረደው።]

ሃርላን፦ ብሎን አላጠበቅክም!

ከርቢ፦ ያጠበቁት እርስዎ ነዎት። እኔ ሳቀብል ነበር።

ሃርላን፦ እንግዲያው አቀባበልህ ነው! ፍታው፣ እንደ አዲስ እናስረዋለን።

[ጎማዎቹ ሥር ሽብልቅ አደረጉ፣ ምላሱን በቋሚው እግር ላይ አሳርፈው ቤቱን ከፒካፑ ለዩት። ሃርላን አጎንብሶ ዘንጎቹን መመርመር ጀመረ።]

ከርቢ፦ እስኪጨርሱ ሳንዱች ላምጣ? ማቀዝቀዣው ከኋላ ነው።

ሃርላን፦ ሰው ሊሞት ሲል አንተ ይርብሃል። ሂድ።

[ከርቢ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ወደ ኋላ ተራመደ። ሃርላን አፍንጫ ሥር የነበረው ምላስ ከቋሚው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ተነሳ።]

ሃርላን፦ ከርቢ! ተነሳ! ተነሳ!

ከርቢ፦ [ከውስጥ] አልተኛሁም አባባ!

ሃርላን፦ አንተን አይደለም! ምላሱ!

ከርቢ፦ የማን ምላስ?

[ከርቢ ሊያይ ወደ በሩ መጣ። ምላሱ ጓ ብሎ ተመልሶ ወረደ።]

ከርቢ፦ ምኑ ነው የተነሳው?

ሃርላን፦ ይሄ… አሁን ወርዷል። እስቲ ተመለስ ወደ ኋላ።

[ከርቢ ተመለሰ። ምላሱ ተነሳ።]

ሃርላን፦ ና ውጣ!

[ከርቢ ወጣ። ምላሱ ወረደ።]

ሃርላን፦ ያዝኩህ! ሚስጥሩ አንተ ነህ! ምን ያህል ነው የምትመዝነው? እውነቱን!

ከርቢ፦ እማማ ሎርና ያበሉኝን ሁሉ ነው የምመዝነው።

ሃርላን፦ ይኸው! ከኋላ እየተጫንክ ፊቱን ታቀልለዋለህ፤ ፊቱ የቀለለ ተጎታች ደግሞ ጭራውን ይቆላል! ያንተ ሆድ ሊገድለን ነበር!

ከርቢ፦ [ሳንዱቹን እያኘከ፣ በሁለቱም በኩል] አባባ።

ሃርላን፦ ይቅርታ ለመጠየቅ ከሆነ ውጠህ ተናገር።

ከርቢ፦ [ዋጠ] ስንሄድ እኮ እኔ እርስዎ አጠገብ ነበርኩ።

[አንድ ወፍ ይንጫጫል፤ ለሃርላን የሚስቅበት መሰለው።]

ሃርላን፦ …ታዲያ ከኋላ ማን ተቀምጦ ነበር?

[ተያይዘው ገቡ። ከርቢ የኋላውን አልጋ ክዳን ከፈተ።]

ከርቢ፦ ጄኔሬተር። ሁለት ከረጢት ከሰል። የብረት መጥበሻዎቹ በሙሉ። ለጨዋታ የሚወረውሯቸው የፈረስ ጫማ ብረቶች ከነችካላቸው። በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬ… አባባ፣ ይሄ ሁሉ ኮክ ለማን ነው?

ሃርላን፦ ሌባ ገብቶ ይሆናል።

ከርቢ፦ ሌባ ይወስዳል እንጂ ጨምሮ አይሄድም።

ሃርላን፦ [አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ] እኔ ነኝ።

ከርቢ፦ ለምን ከኋላ?

ሃርላን፦ ከኋላ ሲከብድ ወደ ፊት የሚገፋን መስሎኝ! አትሳቅ። ስጭነው ትልቅ ሐሳብ ነበር።

ከርቢ፦ ሌላ ጊዜ ማን ነበር የሚጭነው?

ሃርላን፦ ሎርና ናት። ዘንድሮ እጇ ተሰበረና «አንቺ አትልፊ፣ እኔ እጭነዋለሁ» አልኳት። ሌላ ጊዜ ከባድ ከባዱን ከጎማው አካባቢ ትንሽ ወደ ፊት አድርጋ ስትደረድር፣ እኔ ውጪ ቆሜ «ኧረ ቶሎ በይ!» እላት ነበር። ከዚያ ቀጥ ብለን ስንሄድ የእኔ አነዳድ ነው እላለሁ። የቤተ ክርስቲያን ራት ላይ ስንቱን ጎረቤት መሪ አያያዝ አስተምሬአለሁ! ሰዎቹ ማስታወሻ ይዘዋል እኮ ከርቢ!

ከርቢ፦ ጠዋት እማማ ሲያልፉን በመስኮት ብቅ ብለው ሲጮሁልዎት የነበረው እንግዲህ…

ሃርላን፦ በቃ አትጨርሰው።

ከርቢ፦ ምን ነበር ያሉት?

ሃርላን፦ «ኋላ! ኋላ!» ነበር ያለችው። እኔ «ኋላ እንገናኝ» ያለችኝ መስሎኝ እጄን አውለብልቤ ሸኘኋት።

ከርቢ፦ በእጅዎም ስመው ልከውላቸው ነበር።

ሃርላን፦ አዎ፣ ስሜም ልኬላታለሁ! ተነስ እንሸከም!

[ከባዱን ሁሉ ወደ ፊት አሻገሩ። ሃርላን ሁለት ጊዜ ወገቡን ያዘ፣ በሦስተኛው ከርቢ ዕቃውን ቀማው። ሲጨርሱ ከርቢ ወደ ኋላ ገብቶ ዘለለ፤ ምላሱ ንቅንቅ አላለም። አሰሩት፣ ወጡ። ያው ነፋስ፣ ያው መንገድ። ሌላ ከብት የጫነ መኪና እየጮኸ አለፋቸው። ቤቱ ተከትሏቸው ብቻ ሄደ።]

ከርቢ፦ ቀጥ ብሏል። አዲሱ ማያያዣም ይረዳዋል አይደል?

ሃርላን፦ ይረዳዋል፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ፈረሱን ወደ ኋላ አዙረህ ጭነህ ኮርቻ ብትቀይርለት ምን ይፈይዳል? ፈረሱን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ኮርቻውንም የገዛሁት እኔ ነኝ። ከዚህ ቀጥሎ ጋላቢ ነኝ ብል ደግሞ አስቁመኝ።

ከርቢ፦ እሺ።

ሃርላን፦ «እሺ» አይባልም እንደዚህ በቶሎ! ትንሽ «ኧረ አይበሉ» ማለት አለ!

[የከርቢ ስልክ ጮኸ። ሎርና ነች። ሃርላን ትከሻው ወረደ፤ መንገዱን እያየ ጆሮውን ብቻ ወደ ስልኩ አዘነበለ።]

ከርቢ፦ አቤት እማማ። …ደህና ነን። …አዎ፣ መወዛወዙ ቆሟል፤ ቀጥ ብሏል። …ምክንያቱማ እኔ ነኝ እማማ። ጠዋት ዕቃውን ሁሉ ከኋላ የጫንኩት እኔ ነኝ። አባባ ናቸው ነገሩን የደረሱበት።

ሃርላን፦ [በሹክሹክታ] ምን ነካህ አንተ?

ከርቢ፦ [ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ] ተዉት አባባ። የእኔን ሞኝነት ለምደውታል። የእርስዎ ግን አዲስ ይሆንባቸዋል፣ ይደነግጣሉ።

[ጆሊን በዚህ ልጅ ምን እንዳገኘችበት ለሃርላን በስንት ዓመቱ ገባው። ፒካፑን ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ አቆመና እጁን ዘረጋ።]

ሃርላን፦ ስጠኝ። …ሎርና፣ እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ የነገረሽ ውሸት ነው። የጫንኩት እኔ ነኝ፣ የሳትኩትም እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ቀጥ አድርጎ የወሰደን ያንቺ አጫጫን እንጂ የእኔ መሪ አልነበረም። ሞኙ እኔ ነኝ። …ሰማሽኝ? …እም። …እሺ። …እሺ።

[ስልኩን መለሰለት። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።]

ከርቢ፦ ደነገጡ?

ሃርላን፦ «አዲስ ነገር ሲኖር ደውልልኝ» ብላ ዘጋችው።